በነፃ የሚሰጠውን የሚሸጡ ደላሎች፦ ከመተማ እስከ ካርቱም

ቡሪ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ይኖሩበት ከነበረው አል-ጀሪፍም ብዙ አይርቅም። ከጦርነቱ በፊት በመተማ ተሻግሮ ወደዚህ የሚዘልቅ እንግዳ፣ አረብኛ ካላወቀ፣ ገንዘብ የሚመነዝርለትና ማደሪያ የሚፈልግለት ሰው ይሻ ነበር። ቀድሞ የሚያገኘውም ብዙውን ጊዜ በገዛ ቋንቋው የሚያናግረውን ያገሩን ልጅ ነው።

ለተጓዥ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «የማታውቀውን ሰው አትመን» የሚል ነው። ምክሩ ለስደተኛ እምብዛም አይሠራም፤ አታላዩ የሚመጣው በባዕድ መልክ ሳይሆን በወገን መልክ ነውና።

ከሚሸጠው ሁሉ ውዱ ወደ ሦስተኛ አገር የመሻገር ተስፋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ለመልሶ ማስፈር አገልግሎት ምንም ክፍያ አይጠይቅም። ነገር ግን ቦታው ጥቂት፣ ጥበቃው የዓመታት ነው። ደላላው በዚህ ክፍተት ገብቶ «ስምህን ዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባልህ ሰው አለኝ» ይላል። ወሬው ጨርሶ የማይታመን አልነበረም፦ በ2010 ዓ.ም. ጉቦ ይጠየቃል የሚል ውንጀላ በመነሳቱ ኮሚሽኑ ከሱዳን የሚያደርገውን መልሶ ማስፈር ለጊዜው አቋርጦ ምርመራ ጀምሯል።

ወረፋው ያሰለቸውን የሚጠብቀው ሌላ ደላላ «አሁን ሂድ፣ ክፍያው ስትደርስ ነው» የሚል ነው። ሊቢያ ሲደረስ ክፍያው ቤዛ ይሆናል፤ በበኒ ወሊድ የታገቱት ሲደበደቡ ጩኸታቸው በስልክ ለቤተሰብ ይሰማል። በዚህ ሥራ የሚታወቀው ኤርትራዊው ኪዳነ ዘካርያስ በ2012 ዓ.ም. የተያዘው አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከተጎጂዎቹ አንዱ ስላወቀው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከፍርድ ቤት አምልጦ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ዳግም ተያዘ።

ከሦስት ወራት ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 7/2015፣ ቡሪ አጠገብ ባለው የጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ዙሪያ ተኩስ ተከፈተ። ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ የተቆጣጠረው በመጋቢት 2017 ነው። በመካከሉ ብዙዎች ፓስፖርትና የስደተኛ ወረቀታቸውን ጥለው ሸሽተዋል፤ ወረቀት «እናወጣለን» ለሚሉ ደላሎች ከዚህ የተሻለ ገበያ አይገኝም። ገንዘብ የተጠየቀ ስደተኛ ጥቆማውን ለኮሚሽኑ በቀጥታ ማድረስ ይችላል። ጥቆማው የተመዘገበበትን ጉዳይ አይጎዳም ቢባልም፣ ስሙ እንዳይሰረዝ ፈርቶ ዝም የሚለው ብዙ ነው።