ቦምቦሊኖ የማን ነው?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቦምቦሊኖ አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ታክሲ ተራ፣ የሰፈር ሻይ ቤት መስታወት ውስጥ ሁሌም አለ። ስኳሩ ከንፈር ላይ ይቀራል፣ ዘይቱ የተጠቀለለበትን ወረቀት ያርሳል። ርካሽ ስለሆነ ማንም ቁም ነገር ብሎ አያወራለትም። እኔ ዛሬ ላወራለት ነው። ለምን ቢባል፣ የዚህ ተራ ነገር ታሪክ ከተማችን ውስጥ አሁን እየሆነ ካለው ነገር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ስለሚመስለኝ።

ባለፈው ክረምት ጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንድ እሁድ በባቡር ይዛኝ ቪያሬጆ ወረደች። ቪያሬጆ በቶስካና ጠረፍ ያለች የባሕር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ በሚከበረው ካርኒቫሏ ትታወቃለች፤ የኦፔራ ደራሲው ጃኮሞ ፑቺኒም በመጨረሻ ዓመታቱ ኖሮባታል። በባሕሩ ዳር የሚሄደው ረጅም መንገድ ላይ ድሮ የእንጨት ካፌዎችና ሱቆች ነበሩ። በ1917 እሳት ተነስቶ አብዛኞቹን በላቸው። ዛሬ ቱሪስቱ ስልኩን አውጥቶ የሚያነሳቸው ጌጠኛ ሕንፃዎች ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አክስቴ ግን ለሕንፃ ፎቶ አልወሰደችኝም። ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ ኬክ ቤት ነው ያስገባችኝ። የእብነ በረድ ባንኮኒ፣ ከጀርባው መስታወት፣ በር ድረስ የደረሰ ሰልፍ። መጀመሪያ ካሸር ጋ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ደረሰኙን ይዛችሁ ባንኮኒው ጋ ትጠጋላችሁ። ወንበር ሳይ ልቀመጥ ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ «አንተ፣ እዚህ ከተቀመጥክ ዋጋው ሌላ ነው። ቆመህ ብላ!» እውነቷን ነው። ብዙ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ እኩል አይከፍልም።

እሁድ ስለሆነ ከፊታችን ያሉት ሰዎች በሙሉ ትንንሽ ኬኮችን በትሪ እያስደረደሩ፣ በወረቀት አስጠቅልለው፣ በሪባን አሳስረው ይወጣሉ። ለምሳ ቤተሰብ ጋ ይዘውት የሚሄዱት ነው። እኛ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ የኬክ ካርቶን በጣታችን አንጠልጥለን የምንሄደው ዓይነት። እነሱ እነዚህን ኬኮች «ፓስቴ» ይሏቸዋል። በእኔ ጆሮ የገባው ግን ፓስቲ ነው፤ ያው ልጅ ሆነን ከሻይ ጋር የምንገምጠው ጥብሱ።

ተራችን ሲደርስ ባንኮኒው ላይ የማውቀውን ነገር አየሁት። ክብ፣ የተጠበሰ፣ ስኳር የለበሰ። «ቦምቦሊኖ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሻጯ ሳቀች። «ቦምቦሎኔ» አለች። አክስቴ አስረዳችኝ፤ በጣሊያንኛ መጨረሻው ላይ «ኦኔ» ሲገባ ትልቁ ማለት ነው፣ «ኢኖ» ሲሆን ትንሹ። እነሱ ትልቁን ይላሉ፣ እኛ ትንሹን። የእነሱ ሆዱ ውስጥ የእንቁላልና የወተት ክሬም አለው። እዚያ ጠረፍ ላይ በበጋ አሸዋው ላይ እየዞሩ ይሸጡታል፣ ሰውም ከባሕር ወጥቶ በእርጥብ እጁ ይበላዋል። ከሥሩ ያለው ሊጥ ግን ያው የእኛው ነው፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ የጋለ ዘይት።

ማኪያቶውም እንደዚያው። ጣሊያን ውስጥ «ማኪያቶ» ማለት ነቁጥ ያለበት ማለት ነው፤ ቡናው ላይ ጠብ የተደረገች ወተት ናት፣ በቃ። እኛ ጋ ግን በብርጭቆ ውስጥ በቀለም ተለይቶ የሚቀመጥ፣ «ነጣ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ» እየተባለ የሚታዘዝ ራሱን የቻለ መጠጥ ሆኗል።

ሻጯ ባለቤቷም ነበረች። ሥራውን ከአባቷ ነው የተማረችው። አክስቴ እያስተረጎመችልኝ ማን እንደሚተካት ጠየቅኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሊጥ የሚያቦካ ወጣት ከየት ይመጣል?» አለች። ስለዚህ ጣሊያን ገነት ናት እያልኳችሁ አይደለም። እዚያም ይሄ ሙያ ሰው እያጣ ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ እነሱ ሙያውን እንደ ሀብት ይቆጥሩታል። የጣሊያን ግብርና ሚኒስቴር የባህላዊ ምግቦች ዝርዝር አለው። አንድ ምግብ እዚያ ለመግባት ቢያንስ ለ25 ዓመት በባህላዊ መንገድ ሲሠራ የኖረ መሆን አለበት። ዝርዝሩ ውስጥ ዛሬ ከ5 ሺህ በላይ ምግቦች አሉ፤ አይብ፣ ዳቦ፣ ኬክ፣ የአንዲት መንደር ብስኩት ሳይቀር። እንደ ሚላን ያሉ ከተሞች ደግሞ 50 ዓመት የሞላቸውን ሱቆች «ታሪካዊ ሱቅ» ብለው ይመዘግባሉ። ልብ በሉ፣ የሚመዘገበው ሕንፃው ብቻ አይደለም። ሥራው ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። «ይሄ እኮ የወራሪ ምግብ ነው! በየካቲት 12 የጨፈጨፈንን፣ በመርዝ ጋዝ የፈጀንን ሰው ኬክ ልናወድስ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ኬኩን ቀምሼ ታሪኩን አልረሳሁም። ቦምቦሊኖ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ «ፒያሳ» ደግሞ አደባባይ ማለት ነው። ግን አስቡት። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሊጡን ያቦካው፣ ዘይቱን ያጋለው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለተማሪው ያደረሰው ማን ነው? የእኛ እናቶች፣ የእኛ ኬክ ጋጋሪዎች ናቸው። ክሬሙን አውጥተው ርካሽ አደረጉት፣ የድሃ ልጅ ቁርስ ሆነ። ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት የጾም ኬክ ሠርተው በሁዳዴ መስታወቱን ሞሉት። ለእኔ ባለቤትነት ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ያመጣው ማንም ይሁን፣ ያቆየውና የለወጠው ሰው የእሱ ያደርገዋል።

ታዲያ የራሳችን ከሆነ እንደ ራሳችን ይዘነዋል ወይ? እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ቪዲዮ ቀረፅን። ብዙው ክርክር ስለ ሕንፃ ነበር፤ ይፍረስ፣ አይፍረስ፣ ቅርስ ነው፣ አይደለም። ከተማ ይታደሳል፣ ያረጀ ቤት ይፈርሳል፣ ይሄ በየትም አገር ያለ ነው። የቪያሬጆውን እሳት አስታወሳችሁ? የእንጨቱ ካፌ አመድ ከሆነ በኋላ መንገዱ ተመልሶ የካፌና የሱቅ መንገድ ሆኗል። ቤት ሲሄድ ሙያው ግን መቆየት ይችላል፤ የሚመለስበት ቦታ ከተሰጠው።

እኛ ጋ የሚያስፈራኝ የተገላቢጦሹ ነው። አዲሱ ሕንፃ ያምራል፣ መብራቱ ያምራል፣ የእግረኛ መንገዱ ያምራል። በአዲሱ ኪራይ ግን ቦምቦሊኖ ሸጦ መኖር አይቻልም። ሻይ ቤቷ የነበረቻት ሴት ሌላ ሰፈር ትሄዳለች፣ እዚያ ደንበኛ የላትም፣ ስድስት ወር ትታገልና ሥራውን ትተወዋለች። ሠላሳ ዓመት በእጇ ላይ የተከማቸው እውቀት የትም አልተጻፈም። ሊጡ ስንት ሰዓት ማረፍ እንዳለበት፣ ዘይቱ መጋሉን በምን እንደምታውቅ፣ በጾም እንቁላሉን በምን እንደምትተካ፣ ሁሉም አብሯት ይሄዳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው ለከተማው አስተዳደር ነው። አዲስ በሚሠራው ሰፈር ውስጥ፣ ከመፍረሱ በፊት እዚያ ለዓመታት የሠሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶችና ኬክ ቤቶች በአቅማቸው የሚከራዩት ቦታ ይቀመጥላቸው። ረጅም ዕድሜ ያላቸው ይመዝገቡ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና አንድ ደንብ እንጂ ሚሊዮን ብር አይደለም።

ሁለተኛው ለእኛ ነው፣ ስልክ ለያዝነው። አዲስ ካፌ በተከፈተ ቁጥር የላቴውን ፎቶ እንለጥፋለን። ላቴ ጣሊያንኛ ነው፣ ወተት ማለት ነው፤ ማንም አያፍርበትም፣ ማፈርም የለበትም። ታዲያ ለሰፈራችን ቦምቦሊኖ ምነው አፈርን? በዚህ ሳምንት ቦምቦሊኖ ስትገዙ ሻጯን አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ «እማማ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?» በሏት። ደስ ካላት፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ እጆቿን ቅረፁ። ልኬቱን ጻፉት። ስሟን ካልጠላች ከሥሩ አድርጉት። ቤቱ ለመፍረስ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ የእጅ ሙያ ግን የሚጠፋው ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።