የግብ ጠባቂ እጥረት ከሜዳ ይጀምራል

ጥር 13 ቀን በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚነሳ ዕለት ነው። በ1954 ዓ.ም በዚሁ ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ የግብፅን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አንስቷል። የዚያን ቀን የኢትዮጵያን ግብ የጠበቀው ጊላ ሚካኤል ተክለማርያም ነበር። በ51ኛው ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ብሔራዊ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩይት ከተማ ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ግን የመጀመሪያው አጋማሽ ሳይጠናቀቅ በቀይ ካርድ ከሜዳ ወጣ።

በሁለቱ ዕለታት መካከል ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለ አጥቂዎችና ስለ አሰልጣኞች ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ግብ ጠባቂ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ሲፈጸም ብቻ ነው። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ችግሩ የአንድ ተጫዋች ስህተት አለመሆኑን ይገነዘባል። ግብ ጠባቂ የሚገኝበት መንገድ ከዋና ከተማ ስታዲየም ሳይሆን እንደ መተማ ዮሐንስ ካሉ የዳር አካባቢ ሜዳዎች የሚጀምር በመሆኑ ጉዳዩ የወረዳና የዞን አስተዳደር ጭምር ነው።

አንድ ውድድር፣ ሁለት ቀይ ካርድ

የ2005ቱ ተሳትፎ በብዙዎች ዘንድ በበጎ ይታወሳል። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለዚያ መድረክ የበቃው ጎረቤት ሱዳንን በደርሶ መልስ ጨዋታ በመጣል ነበር። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፍ፣ ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራቸው ግቦች ብልጫ አልፏል።

በመጀመሪያው የምድብ ጨዋታ ጀማል ጣሰው ከግብ ክልሉ ወጥቶ ኳስ ለማስጣል ባደረገው ሙከራ በተጋጣሚው ላይ ጥፋት በመፈጸሙ ሲሰናበት፣ ተቀያሪው ዘሪሁን ታደለ ተተክቶ ቡድኑ በአሥር ሰው ተጫውቷል። ያም ሆኖ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ቡድኑ በሁለተኛው ጨዋታ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ከተረታ በኋላ ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን ገጠመ። እስከ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ድረስ ግብ ያልተቆጠረበት ይህ ጨዋታ በሁለት የፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ሲጠናቀቅ፣ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጥቷል። የመቀየር ዕድሉ ተሟጦ ስለነበር ሁለተኛውን የፍጹም ቅጣት ምት ለመመለስ ጓንት ያጠለቀው የሜዳ ተጫዋች ነበር።

በአንድ ውድድር ሦስቱም የቡድኑ ግብ ጠባቂዎች ተሰልፈዋል፤ ሁለቱም በቀይ ካርድ ተሰናብተዋል። በሁለቱም አጋጣሚዎች የታየው የድፍረት ማነስ አይደለም። ግብ ጠባቂዎቹ አደጋውን አይተው ለመድረስ ሞክረዋል። የጎደለው መቼ መውጣት፣ መቼ በመስመር ላይ መቆየት እንደሚገባ በቅጽበት የመወሰን ልምድ ነው። ይህን ልምድ ደግሞ ብሔራዊ ቡድን በሦስት ሳምንት ዝግጅት ሊያስተምረው አይችልም። ከ12 እና ከ13 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጨዋታዎች የሚቀሰም ነው።

የዛዳር ተሞክሮ

ከዚህ አኳያ የክሮኤሺያ ተሞክሮ ትምህርት ሰጪ ነው። የሕዝቧ ቁጥር ከአራት ሚሊዮን የማይበልጠው ይህች አገር በ2010 ዓ.ም በሩሲያ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሳለች። በ2015 ዓ.ም በኳታሩ የዓለም ዋንጫም ሦስተኛ ወጥታለች። በሁለቱም ውድድሮች ግቧን የጠበቁት ተጫዋቾች 70 ሺህ ያህል ነዋሪ ካላት ከአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ከዛዳር የተገኙ ናቸው።

የመጀመሪያው ዳንየል ሱባሺች ነው። በትውልድ ከተማው ክለብ አድጎ ወደ ሃይዱክ ስፕሊት፣ በኋላም በ2004 ዓ.ም በፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ወደ ነበረው ሞናኮ አመራ። ከክለቡ ጋር ወደ ዋናው ሊግ አድጎ በ2009 ዓ.ም የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2006ቱ የብራዚል የዓለም ዋንጫ ግን ተጠባባቂ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 2010 ዓ.ም ከዴንማርክ ጋር በተደረገው የመለያ ምት ሦስት ኳሶችን ሲመልስ ዕድሜው 33 ደርሶ ነበር። ሁለተኛው ዶሚኒክ ሊቫኮቪች ነው። እርሱም ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም ከጃፓን ሦስት የመለያ ምቶችን አድኗል። ከአራት ቀናት በኋላም ብራዚልን ለመጣል ከፍተኛ ድርሻ አበርክቷል።

የሱባሺች ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ከዴንማርኩ ድል በኋላ ከማልያው ሥር የለበሰው ካናቴራ የአንድ ሟች ጓደኛውን ፎቶግራፍ የያዘ ነበር። ሟቹ የዛዳር ክለብ ተጫዋች የነበረው የ24 ዓመቱ ህርቮየ ቹስቲች ሲሆን፣ በመጋቢት 2000 ዓ.ም በሊግ ጨዋታ ላይ ሱባሺች የላከለትን ኳስ ሲያሳድድ ከሜዳው ጠርዝ አጠገብ ካለ የኮንክሪት ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ግብ ጠባቂው ሐዘኑን ለዓመታት ተሸክሞ ዘልቋል። ለአስተዳደር ሠራተኛ ግን ጉዳዩ ከሐዘንም ያለፈ ትርጉም አለው። ግድግዳው ከመስመሩ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ጥያቄ በአሰልጣኝ ሳይሆን በግንባታ ፈቃድና በቁጥጥር የሚመለስ ነውና።

ከዛዳር የሚቀሰመው ሁለተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነው። ግብ ጠባቂ ከሌሎች ተጫዋቾች ዘግይቶ ይበስላል፤ ብዙ ዘመንም ይቆያል። ግብፃዊው ኢሳም ኤል ሃዳሪ በሩሲያው የዓለም ዋንጫ በ45 ዓመቱ ተሰልፎ የፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። አንድ የ19 ዓመት ወጣት በአንድ ጨዋታ ስለተሳሳተ ጓንቱን እንዲሰቅል የሚደረግበት አሠራር ባለበት፣ እንዲህ ያለ የረጅም ዘመን አገልግሎት ሊጠበቅ አይችልም።

ክለቦች ለምን ወደ ውጭ ይመለከታሉ?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ለዓመታት ክፍተቱን የሞሉት ከውጭ በሚያስመጧቸው ግብ ጠባቂዎች ነው። ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ለበርካታ ዓመታት ጠብቋል። ክለቡ በ2014 ዓ.ም ሻምፒዮን ሲሆንም ሌላው ዩጋንዳዊ ቻርለስ ሉክዋጎ በግቡ ክልል ነበር። ለምዕራብ ጎንደር ቅርብ የሆነው የጎንደሩ ፋሲል ከነማም በ2013 ዓ.ም በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው ማሊያዊውን ሚኬል ሳማኬን ይዞ ነው።

ክለቦቹን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ግብ ጠባቂ የሚሠራው ስህተት ወዲያውኑ በውጤት ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ አሰልጣኙም የሚመዘነው በዚያው ውጤት ነው። በመሆኑም የበሰለ ባለሙያ መፈለጋቸው ምክንያታዊ ነው። ከውጭ የመጡት ግብ ጠባቂዎችም ለሊጉ የውድድር ደረጃ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ምርጫ ዋጋ የሚከፈለው በሌላ ቦታ ነው። በአንድ ክለብ ለግብ ጠባቂ ያለው ስፍራ አንድ ብቻ ነው። አጥቂ የሆነ ወጣት ቢያንስ በተቀያሪነት ገብቶ ሃያ ደቂቃ ሊጫወት ይችላል፤ ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ግን ሙሉ የውድድር ዘመን ወንበር ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። እንደ ግብፅ ያሉ አገሮች ሊጋቸውን ለውጭ ግብ ጠባቂዎች ዝግ ያደረጉበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ክልከላ ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የተዘጋጀ ሰው ከሌለ ውጤቱ የደረጃ መውረድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወጣቱ ወደ ክለብ ከመድረሱ በፊት የት ይዘጋጃል ወደሚለው ይመለሳል።

ከመተማ ዮሐንስ አኳያ

መተማ ዮሐንስ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም ከመሐዲስቶች ጋር ባደረጉት ጦርነት የወደቁባት፣ ስማቸውንም የተሸከመች የድንበር ከተማ ናት። ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች። አካባቢው ቆላ በመሆኑ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካ አፈር ለገበሬው በረከት ነው፤ ለግብ ጠባቂ ግን ፈተና ነው። በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር፣ ከፍታውም 2.44 ሜትር ነው። የፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ይህን ስፋት በቆሙበት መሸፈን አይቻልም፤ መወርወር ግድ ይላል። በደረቅ ዋልካ ላይ ለመውደቅ የሚፈራ ታዳጊ ግን ኳሱን በእግሩ ወይም በጉልበቱ ማስቆምን ይለምዳል፤ ወይም ጨርሶ አይወረወርም። ይህ ልማድ በ20 ዓመቱ ሣር ሜዳ ላይ ሲደርስም በቀላሉ አይለቀውም። በሌላ በኩል ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ ግብ ጠባቂ ከቡድን ጓደኛው ሆን ተብሎ በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ ስለተከለከለ በእግሩም መጫወት መቻል አለበት። ወጣ ገባ በሆነ ሜዳ ይህን መማር አዳጋች ነው።

በእርግጥ አካባቢው ከእግር ኳስ የሚቀድሙ ጉዳዮች አሉት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ መተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች መግቢያ ሆናለች። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ያጋጠመው የጸጥታ ችግርም የመንግሥት ሥራን በብዙ መልኩ አስተጓጉሏል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ለስታዲየም ግንባታ ከፍተኛ በጀት ይመደብ ብሎ መጠየቅ ከእውነታው ጋር አይጣጣምም። ነገር ግን ወጣቱ በብዛት ያለበት፣ ሥራ ፍለጋ ድንበር ማቋረጥ የተለመደበት አካባቢ ለወጣቶች መዋያ የሚሰጠው ትኩረት የቅንጦት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለግብ ጠባቂ የሚያስፈልገው ጅምር ደግሞ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ ሜዳ ከግቡ አጠገብ አፈሩ ተቆፍሮ አሸዋ የተሞላበት የመወርወሪያ ስፍራ ቢዘጋጅ ታዳጊው ሳይጎዳ መውደቅን ይማራል። ሁለተኛ፣ ከሜዳ መስመር አጠገብ የሚገኙ የድንጋይ አጥሮች፣ የብረት ዘንጎችና ጉድጓዶች ተለይተው እንዲነሱ ወይም እንዲሸፈኑ ማድረግ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ከስፖርት መምህራን መካከል ቢያንስ አንዱ የግብ ጠባቂ ሥልጠና እንዲወስድ ቢደረግ በወረዳ ደረጃ ክትትል ይኖራል። አራተኛ፣ የልምምድ ሰዓት በማለዳና አመሻሽ ላይ እንዲሆን፣ የውድድር መርሐ ግብሩም የሰሊጥ አጨዳ ወቅትን ያገናዘበ እንዲሆን ማድረግ ወጪ የለውም፤ ማቀድን ብቻ ይጠይቃል።

እነዚህ እርምጃዎች በሪፖርት ላይ በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም። የተካሄዱ ውድድሮች ብዛትና የተከፋፈሉ ኳሶች ቁጥር ለሪፖርት ይመቻሉ፤ የተሞላ አሸዋና የተነሳ ድንጋይ ግን አይቆጠሩም። የስፖርት ዘርፉ ዕቅድ አፈጻጸም ሲገመገም እነዚህም በመለኪያነት ሊካተቱ ይገባል።

የሜዳ ጥራት ጉዳይ የታችኛው መዋቅር ብቻ አለመሆኑን ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ያሳያል። የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ኢትዮጵያ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችበትን የሜዳዋን ጨዋታ ያደረገችው ማላዊ ውስጥ ነው። ያን ድል በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ስታዲየም ተገኝቶ ለማየት የታደለ ኢትዮጵያዊ ታዳጊ አልነበረም።

በጥቅሉ ሲታይ ኢትዮጵያ ደፋር ግብ ጠባቂዎች አላጣችም። ጀማል ጣሰው፣ ዘሪሁን ታደለና ሲሳይ ባንጫ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ አገራቸውን በአህጉሩ ታላቅ መድረክ ወክለዋል። የጎደለው ከእነርሱ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። ዛዳር ሁለት ግብ ጠባቂዎችን ያፈራችው የተለየ ዘር ስላላት ሳይሆን ታዳጊዎቿ በልጅነታቸው የሚወድቁበት ሜዳ፣ የሚያርማቸው አሰልጣኝ እና የሚታገሣቸው ክለብ ስላገኙ ነው። ከመተማ ዮሐንስ፣ ከገንዳ ውሃ ወይም ከቋራ ነገ የብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ እንደሚወጣ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ታዳጊው ሳይጎዳ የሚወድቅበት አሥር ካሬ ሜትር አሸዋ ማዘጋጀት ግን በወረዳ ጽሕፈት ቤት አቅም የሚፈጸም በመሆኑ፣ የሚመለከታቸው አካላት ከዚሁ ሊጀምሩ ይገባል።