ነጩ ነጠላ በነጭነቱ ይታተም

የዚህ እትም ፎቶዎች ነሐሴ 13 በደብረ ታቦር የተከበረውን ቡሄ ያሳያሉ። ለኅትመት ስናሰናዳቸው ከሁሉ ያስቸገረን ነጠላው ነው። ምስሉ ላይ የድርና ማጉ ርቀት ከካሜራው የፒክስል ርቀት ጋር ሲቀራረብ፣ ጨርቁ ላይ የሌለ ቀለም ይዥጎረጎራል። ምስሉን ማደብዘዝ ይቀል ነበር፤ ግን የፈትሉን ውበት ይበላዋል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አርመን ብርሃንና ጥላውን ሳንነካ ተውነው። የጉና ተራራ ጭጋግም መስመር መስመር ሠርቶ ነበር። በ8 ቢት ፋይል እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስላለው፣ ስስ ጭጋግ ላይ ደረጃው ጎልቶ ይታያል። ከካሜራው ጥሬ ፋይል ተነሥተን በ16 ቢት አረምነው፤ መስመሩ እንዲሰወርም ጥቂት የምስል ብናኝ ጨመርንበት።

ፎቶ የምትልኩልን ወዳጆች፣ እባካችሁ ዋናውን ፋይል ላኩልን። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የእናቶቻችን ፊት በ8 በ8 ፒክስል ካሬ ይሸራረፋል። እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን እንዳለ ይደርሰናል።