ምድጃ ማደል ብቻውን አይበቃም



ሪያድ ብርዱ ሲገባ የሲቪል መከላከያ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ሕዝቡን ያስጠነቅቃል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰልና እንጨት አታንድዱ ይላል። እኛም ሰምተን ወደ ጋዝ ምድጃችን እንመለሳለን። አገር ቤት ግን ብዙዎቹ የገጠር እናቶቻችን መስኮት በሌለው ጎጆ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ኩበትና ጭራሮ እያነደዱ የሚጋግሩት ክረምት ከበጋ ነው። ሕፃኑም በጀርባቸው እንደ ታዘለ ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ለእረፍት አገር የሚገቡ ተማሪዎች ምርጥ ምድጃን ለገጠር ቤቶች ለማዳረስ መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልለው ይህ የሲሚንቶ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እንጨት ለቀማ ለሚውሉ ልጃገረዶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ራሳችንንም እንጠይቅ። ካቻምና ክረምት እኔና ጓደኞቼ በደቡብ ጎንደር ምድጃ አደልን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ተጨብጭቦልን ተመለስን። ዓምና ስንሄድ አንደኛው ምድጃ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ አገኘነው። «ልጄ፣ የኔ ምጣድ ሰፊ ነው፤ አልገጥም አለኝ። አንተም ሳትጠይቀኝ ሄድክ» አሉኝ የቤቱ እመቤት። አፈርኩ። እኚህን እናት አላዋቂ የሚል ቢኖር አላዋቂው እሱ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በማላዊ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ በተሰጣቸው ቤቶች የሕፃናት የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህ ምድጃው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ማገዶ መቆጠብና ሳንባ ማዳን አንድ አይደሉም ማለት ነው እንጂ። እንጀራው በአዲሱ ምድጃ ተጋግሮ ወጡ በጉልቻ ከተሠራ፣ ጭሱም መውጫ ካላገኘ፣ ሕፃኑ ከጭሱ አላመለጠም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከማደላችን በፊት ምጣዱን እንለካ፤ ጋጋሪዋን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ምድጃው ሲሰበር የሚተካ እንዲኖር ሥራውን ለአካባቢው ባለሙያዎች እናስተምር። ሦስተኛ፣ ከምድጃው ጋር የጭስ መውጫ እናብጅ። አራተኛ፣ በዓመቱ ተመልሰን እንይ። በሪፖርታችንም ስንት አደልን ሳይሆን ስንቱ እየጋገረ ነው ብለን እንጻፍ። መብራት በደረሰበት ሁሉ ደግሞ ግባችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሁን።

በመጪው ክረምት አገር የምትገቡ ሁሉ፣ ከካሜራው በፊት ሜትሩን ያዙ። እናቶቻችን ጭብጨባችንን አይፈልጉትም፤ የሚፈልጉት ጭስ የሌለበት ቤት ነው።