ከታይዋን ዞር ሲሉ ሐርላ

ድሬዳዋ የገባ እንግዳ ሻንጣውን ሳያሳርፍ «ታይዋን ገበያ በየት በኩል ነው?» ይላል። ጫማ፣ ሽቶና ኤሌክትሮኒክስ ሲያማርጥ ውሎ፣ ፀሐይ ሲበርድ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር አረፍ ብሎ በነጋታው ይመለሳል። በዚህ እትም የሚጽፉት ተጓዦች ግን አንድ ቀን ጨምረው ከከተማዋ ብዙም የማይርቀውን የጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ፣ ሐርላን፣ አይተዋል።

እዚያ ገበሬዎች ሲያርሱ የቆየ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ያገኙ ነበር። የፍርስራሹ ድንጋዮች ከመግዘፋቸው የተነሳ የጥንቱን ከተማ የሠሩት ግዙፋን ናቸው ይባላል። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ቆፍሮ በ2009 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ግን ሌላ ነው፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ። የቻይና ዕቃ ወደዚህ አገር የገባው በባቡር ብቻ ይመስለን ለነበርን የድሬ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የካምቦዲያው አንግኮር ዋት ቤተ መቅደስም የዚያው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የእሱን ማማዎች በፎቶ አይቶ ሐርላ የሚሄድ ሰው ማዘኑ አይቀርም፤ የሚጠብቀው ማሳ መሐል ያለ የግንብ መሠረትና የድንጋይ ክምር ነው። አንዷ ጸሐፊያችን ቅር መሰኘቷን ሳትደብቅ ጽፋለች፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት የእሷን ነው። የጉዞ ጽሑፍ ሁሉ «እፁብ ድንቅ» እያለ ሲያሰለቸን ኖሯል።

ለመሄድ ያሰባችሁ በጠዋት ተነሡ፣ ውኃ ያዙ፣ የአካባቢውን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ታይዋን ማታም ይደረስበታል።