ስለ ኮንት ፎን ሮዘን መታሰቢያ

በጦርነት የወደቀ አይሮፕላን ነጂ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስንት ጠላት እንደ ገደለ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በጎዴ ላይ አደጋ በጣለ ጊዜ የሞተው ስዊድናዊ ኮንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ግን ሊታሰብ የሚገባው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መንገድ ለጠፋበት ሕዝብ መድኃኒትና እህል በሰማይ ስላመጣ ነው።

ወደ አገራችን መጀመሪያ የመጣው ጠላት በወረረን ጊዜ ነው። በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አይሮፕላን መድኃኒት እያመላለሰ ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ እስካለው እስከ ኮረም ደረሰ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሁሉ እንዳይነካ መንግሥታት የተዋዋሉት ሕግ ነበረ፤ ዳሩ ግን አይሮፕላኑ በኮረም ሜዳ ቆሞ ሳለ ኢጣሊያኖች አጠፉት። ከነጻነት በኋላም በ1938 ዓ.ም. ተመልሶ፣ ዐሥር ዓመት ያህል በደብረ ዘይት አየር ኃይላችንን ሲያደራጅና የኢትዮጵያን ልጆች መብረር ሲያስተምር ኖረ።

ሰውየው ጻድቅ ነበረ ለማለት አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ስለ ቢያፍራ ረኀብ ተቆጥቶ በአምስት ትንንሽ አይሮፕላኖች የናይጄሪያን አየር ጣቢያዎች ደበደበ፤ ይህን አናመሰግንም። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ረኀብ በጸና ጊዜ፣ ያንኑ በመሰለ ትንሽ አይሮፕላን ከክንፉ በታች የእህል ከረጢት አሸክሞ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ መኪና በማይደርስበት ስፍራ አወረደ። ሮኬት ይንጠለጠልበት በነበረው ስፍራ እህል ማንጠልጠሉ ከሥራው ሁሉ ይልቅ የሚደነቅ ይመስለናል። ለባዕድ ሰው፣ ያውም ሃይማኖቱ ከእኛ ለተለየ፣ መታሰቢያ ምን ይገባዋል የሚል ካህን ቢኖር፣ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ለሕዝብ የሚተረጉመው እርሱ ራሱ ነውና መልሱን ከእኛ አይጠብቅም።

ይህን የምንጽፈው ስለ ድሮው ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜ ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅም ጭምር፣ እጅግ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። መንገዱ የጦር ሜዳ ከሆነ እህል የጫነ መኪና አያልፍም። ስለዚህ የዋግ ኽምራ ሹማምንት ሐውልት ከማሰባቸው በፊት፣ ጊዜ ሳለ፣ በኒሯቅ አጠገብ አይሮፕላን የሚያርፍበት ወይም እህል የሚጣልበት ሜዳ ቢያስመረምሩ ይሻላል። ርዝመቱ ይለካ፤ የነፋሱ አመጣጥ ይታወቅ፤ በክረምት ጭቃ ይይዘው እንደ ሆነ የአገሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ፤ እህሉ በወረደ ቀን ተቀብሎ በየደብሩ የሚያከፋፍለውም ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ በመዝገብ ይጻፍ።