ማን ላይ ነው የምታበራው?

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ ባጃጅ ነው። «ደግሞ ጀመረው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የዛሬው ጠብ ግን ስለ ታሪፍም፣ ስለ ጥሩምባም፣ ትርፍ ስለ መጫንም አይደለም። ስለ አምፖል ነው።

ከመርሳ ወደ ወልዲያ እየመጣን ነው። ስሪንቃን እንዳለፍን፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከፊታችን አንድ ነጭ መብራት ቦግ ብሎ መጣ። እኔ ሲኖትራክ መሰለኝ። ሹፌሩም ሲኖትራክ መስሎት ሚኒባሱን ወደ ጠርዝ ሰበሰባት። ጠርዙ ላይ ደግሞ የማሽላ አገዳ የተጫነች አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ መኖራቸውን ያወቅነው ረዳቱ «ኧረ ሰው! ሰው!» እያለ በሩን ሲደበድብ ነው። ነጩ ጉድ አጠገባችን ሲደርስ ባጃጅ ሆኖ ተገኘ። አለፈን። እኛ ግን ካለፈ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታየንም።

«አምፖል ቀይሮ ነው» አለ ሹፌሩ ዓይኑን እያሸ። «ሁሉም ኤልኢዲ አስገብቷል። እኔም ነገ ማስገባቴ ነው፤ ካልሆነ አሳውረው ይጥሉኛል።»

አገር የምታጠፋው ይህቺ ናት። እሱ አሳውሮኛልና እኔም ላሳውር።

በማግስቱ ወልዲያ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ አልኩ። ልጁ ካርቶኑን አገላብጦ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ 20,000 ሉመን ነው። ወላሂ፣ ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርገው!» የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከካርቶን ጋር ያለኝን ቂም ታውቃላችሁ። የሶላሩ ካርቶን፣ የስልክ ባትሪው ካርቶን፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፤ እስቲ እናስላው። ከ50 ዓመት በላይ በመኪና ላይ የኖረው ኤች 4 የሚባለው ሃሎጅን በአጭር መብራት 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። የሀብታም መኪና ምልክት የነበረው ዜኖን እንኳ በ35 ዋት 3,200 ገደማ ነው። ስለዚህ ይህች አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ከስድስት ዜኖን በላይ ታበራለች ማለት ነው። ካርቶን ምን ይሳነዋል!

ደግሞስ እውነት ቢሆን? አንድ ባጃጅ በ20,000 ሉመን ምን ያደርግበታል?

የተቃጠለ ኤች 4 እጃችሁ ከገባ ጠጋ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ሁለት ክር አለ። ወደ እግሩ የቀረበው የረጅሙ መብራት ነው፤ እርቃኑን ተቀምጦ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይረጫል። ፊት ያለው የአጭሩ ነው፤ ከሥሩ እንደ ሻይ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ብረት ተደርጋለታለች። የብረቷ ሥራ መከልከል ነው። ክሩ ወደ ታች እንዳያበራ ትይዘዋለች፤ ብርሃኑ የማንጸባረቂያውን የላይኛውን ግማሽ ብቻ መትቶ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። እሷ ባትኖር የታችኛው ግማሽ ይቀበልና ሽቅብ፣ ወደሚመጣው ሹፌር ዓይን ይልከው ነበር። ይህን የሠራው መሐንዲስ የተጠበበው የት እንደሚያበራ ብቻ አይደለም፤ የት እንደማያበራም ነው። የሱቁ ልጅ ካርቶን ላይ ይሄ አልተጻፈም።

ገበያውን የሞላው ኤልኢዲ ደግሞ ግራና ቀኙ ላይ ቺፕ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ከኋላው ማራገቢያ አለው። አንዳንዱ ያቺን ብረት አስመስሎ ያስገባል። ቺፑ ግን እንደ ክሩ ቀጭን አይደለም፤ ክሩ በነበረበት ቦታም በልኩ አይቀመጥም። ለክር በተሠራ ማንጸባረቂያ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል። ባለቤቱ ግን ኮፈኑ ሥር ያለችው አስፋልት ነጭ ስለሆነችለት ያየ ይመስለዋል። ሩቅ ያለውን እንደ ድሮው አያይም። ማየት የሚገባው ደግሞ ሩቅ ያለውን ነበር፤ ከቆላ የመጣችውን ግመል፣ ነጠላዋን ተከናንባ መንገድ የምታቋርጠውን እናት። የድልብን አቀበት በጭጋግ የወጣ ሹፌር ይመስክር፤ ሽቅብ የተረጨ ብርሃን ጭጋጉን መትቶ የሚመለሰው ወደ ራሱ ዓይን ነው።

ከኤልኢዲ ጋር ጠብ የለኝም። ከ2016 ወዲህ በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መብራታቸው ከነሙሉ አካሉ ለኤልኢዲ የተሠራ ነው፤ ተቆርጦ የሚወርድ ንጹሕ ብርሃን ይሰጣሉ። ጠቡ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ከመወተፍ ጋር ነው።

በሞተረኞች በኩል ሌላ ጉድ አለ። ከህንድ የሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ኤች ኤስ 1 የሚባለውን አምፖል ነው የሚጠቀሙት፤ 35/35 ዋት። መልኩ ከኤች 4 ጋር መንታ ስለሆነ፣ ኤች 4ቱን አምጥተው እግሩን በፒንሳ እያስተካከሉ ይከቱታል። ያ ደግሞ 60/55 ዋት ይበላል። የትንሽ ሞተር ቻርጅ ይህን አይችልም፤ ባትሪው ይደክማል፣ ሶኬቱ ይግላል፣ የፕላስቲኩ ማንጸባረቂያ ውስጥ ውስጡን ይጠቁራል። ከዚያ «የህንድ ዕቃ!» ተብሎ ህንድ ይሰደባል።

«ሃሎጅን ቶሎ ይቃጠላል» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ መስታወቱን በእጃችሁ አትንኩት። ኳርትዝ ነው፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ለብቻው ይግልና ዕድሜው ያጥራል። ጋራዥ ውስጥ ግሪስ በነካ እጅ አምፖሉን ጨብጦ የሚያሽከረክር ስንቱን አይቻለሁ!

አምፖሉን ስከታተል ግን ሌላ ነገር ላይ ወደቅኩ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ጃፓን ዛሬም በግራ ትነዳለች። ከዚያ ተነሥተው በዱባይ በኩል መሪያቸው ዞሮላቸው የገቡት የቤት መኪኖች ብዛት ለናንተ አይነገርም፤ ምናልባት አንባቢው ራሱ አንዷ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የአጭር መብራት ብርሃን ደግሞ ሁለቱም ጎኑ እኩል አይደለም። እግረኛውንና የመንገድ ምልክቱን እንዲያሳይ በጠርዝ በኩል ከፍ ይላል፣ በመጪው ሰው በኩል ዝቅ ይላል። ለጃፓን የተሠራው ከፍ የሚለው በግራ ነው። ያ ማለት እዚህ አገር ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ማለት ነው። መሪው ዞረ፤ መብራቱ ጃፓን ቀረ። ይህን ጋራዥ ያሉ ሰዎች ብጠይቅ አንዱ ሳቀብኝ፣ አንዱ «ዝቅ አድርገህ እሰረው» አለኝ። ዝቅ ሲደረግማ ለራሱም አያበራም!

እና ነገሩ የባጃጅ ብቻ ሳይሆን ቀረ። ባለ ቪትዙም ተነካ። አንድ መብራቱ ጠፍቶ ወራት የሚነዳው አይሱዙም አለ፤ ሞተር መስሎህ ጠጋ ስትል ጋቢናው ከላይህ ይመጣል። እሱን ሌላ ሳምንት አገኘዋለሁ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ደልዳላ ቦታ ላይ መኪናችሁን ከግድግዳ ፊት ለፊት ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና አጭሩን መብራት አብሩ። ከላይ የተቆረጠ የብርሃን ጠርዝ ካያችሁ፣ በቀኝም በኩል ከፍ ካለ፣ ደህና ናችሁ። በግራ ከፍ ካለ ሙሉ መብራቱ ነው መለወጥ ያለበት። ጠርዙ ጭራሽ ከሌለና ግድግዳው እስከ ጣራው ከነጣ፣ የገዛችሁትን ኤልኢዲ አውጡና የፋብሪካውን ዓይነት መልሱ። የመርሳና የወልዲያ ባለ ባጃጆች፣ እናንተን በተለይ ነው የምለምነው። ሱቅ ስትሄዱ የተቃጠለውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዓይነቱም፣ ቮልቱም፣ ዋቱም እግሩ ላይ ተጽፏል።